ሳሚ ዜይን ከትናንሽ አዳራሾች እንዴት ወጣ? ሬስሊንግ የምታውቁ ግቡ

ከዚራ_ማዶ

ሰላም ድሬ፣ ሰላም ሐረር። እዚህ ሬስሊንግ ሲነሳ ክርክሩ ሁሌ «ውሸት ነው፣ እውነት ነው» ላይ ይቆማል። ዛሬ እሱን እንዝለለው። አሸናፊው ቀድሞ የታወቀ ነው፤ ጣውላ ላይ መውደቁ ግን የእውነት ነው፤ አለቀ።

ይህን ክር የከፈትኩት ለአንድ ሰው ነው፦ ሳሚ ዜይን። ጥያቄዎቼ ሦስት ናቸው። ትልቁ የአሜሪካ ሬስሊንግ ድርጅት ደብሊው ደብሊው ኢ ከመግባቱ በፊት የት የት ሠራ? ከገባ በኋላስ አናት ላይ ለመውጣት ለምን ያን ያህል ዓመት ፈጀበት? ሦስተኛው ለሰፈራችን ልጆች ነው። ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ግልባጭ (አየር ላይ መገለባበጥ) የሚለማመዱ አሉ፤ በትክክል መማር ያለባቸው ከምን ጀምረው ነው?

«አቦ ተሰጥኦ ነው በቃ» የሚል መልስ አይቆጠርም።

ለገሃር_ጫፍ

ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ አትደናገሩ።

ሳሚ በ1984 ካናዳ፣ ኩቤክ፣ ላቫል ከተማ ተወለደ። ወላጆቹ ከሶርያዋ ሆምስ የሄዱ ናቸው። ሪንግ የገባው በ2002 ሞንትሪያል ላይ ነው። ያኔ ግን በራሱ ስምና በራሱ ፊት አልነበረም። ኤል ጄኔሪኮ ተብሎ፣ «ከቲኋና ሜክሲኮ የመጣ» ባለ ማስክ ሆኖ ነው። አነሳሱ ቀልድ ነበር። ቀልዱ ግን አስር ዓመት ዘለቀ፤ እስከ 2013 መጀመሪያ ድረስ ከነማስኩ ነው የሠራው።

በእነዚያ ዓመታት ከሞንትሪያል ወጥቶ በአሜሪካ ሪንግ ኦፍ ኦነር፣ በካሊፎርኒያ ፒ ደብሊው ጂ በሚባሉ ድርጅቶች፣ ከዚያም በአውሮፓና በጃፓን ተዘዋወረ። ፒ ደብሊው ጂ ትርኢቱን ያዘጋጅበት የነበረው ሬሲዳ የሚገኘው የቀድሞ ወታደሮች ክበብ አዳራሽ 400 ሰው ገደማ ነው የሚይዘው። መድረኩ እዚያ ሲሆን ተመልካቹ ትንፋሽህን ይሰማል፤ የሳትከው ቡጢ ሁሉ ይታያል። በ2011 የዚያን ድርጅት ትልቁን ውድድር፣ ባትል ኦፍ ሎስ አንጀለስን አሸነፈ። በዚያው ዓመት የሪንግ ኦፍ ኦነርን የቴሌቪዥን ሻምፒዮንነት ቀበቶ ከክሪስቶፈር ዳንኤልስ ወሰደ።

የዚህ ዘመን ዋናው ነገር ግን ቀበቶ አይደለም፤ ኬቨን ስቲን ነው፤ ዛሬ ኬቨን ኦወንስ የምትሉት። ሁለቱ በ2008 የሪንግ ኦፍ ኦነርን የጥንድ ቀበቶ ያዙ። በዲሴምበር 2009 ስቲን ከዳው። ጸቡን አንድ ሙሉ ዓመት አሹት፤ በዲሴምበር 2010 ስቲን ከተሸነፈ ድርጅቱን ለቆ ሊወጣ፣ ጄኔሪኮ ከተሸነፈ ማስኩን ሊያወልቅ ገጠሙ። ጄኔሪኮ አሸነፈ፤ ስቲን ወጣ። ስቲን ተመልሶ የዓለም ቀበቶውን ከያዘ በኋላ በዲሴምበር 2012 በመሰላል ግጥሚያ ጄኔሪኮን አሸነፈው። በወሩ ሳሚ ደብሊው ደብሊው ኢ ፈረመ። ጄኔሪኮ የት ደረሰ ለሚለው፣ ሜክሲኮ ውስጥ ወላጅ አልባ ልጆች ሊያሳድግ ሄደ ተባለ። ቀልዱ እስከ ዛሬ አልሞተም።

ሳቢያን_ልጅ

ቆይ፣ ስለዚህ ሜክሲኮ ተምሮ አያውቅም ማለት ነው? አያያዙ እኮ የሜክሲኮ ይመስል ነበር።

አሸዋ_ሜዳ

ልብሱ ነው የሜክሲኮ። መሠረቱ የሰሜን አሜሪካ ነው። ልዩነቱን ማየት ከፈለግክ የትኛውን ጎን እንደሚይዙ ተመልከት። በአሜሪካና በካናዳ ራስ ሲቆለፍ፣ እጅ ሲጠመዘዝ፣ እግር ሲያዝ በግራ በኩል ነው። ሜክሲኮ በቀኝ በኩል ይሠራሉ። ሁለት ሰዎች ሳይነጋገሩ ከገቡ አንዱ ግራ እጁን ሲሰጥ ሌላው ቀኙን ይፈልጋል፤ ሁለቱም ይቆማሉ፤ ተመልካቹም ያያል። ከዚያ የባሰው ውርወራ ላይ የሚመጣው ነው። የሚወረወረው በለመደው ትከሻ በኩል ሊገለበጥ ሲል ወርዋሪው በሌላው ካዞረው በአንገቱ ነው የሚወርደው። በየአገሩ የሚዞር ሰው በሁለቱም ጎን መሥራት የሚማረው ለዚህ ነው።

ሌላው የሪንጉ ስፋት ነው። የደብሊው ደብሊው ኢ ሪንግ በየጎኑ 20 ጫማ ነው፤ 6 ሜትር ከ10 ገደማ። በትናንሽ ድርጅቶች 18 ጫማ (5 ሜትር ተኩል) ወይም 16 ጫማ (4 ሜትር ከ90) ታገኛለህ። ገመድ ወደ ገመድ ሲሮጥ ልማዱ ሦስት እርምጃ ነው። ስፋቱ ሲቀየር የእርምጃው ርዝመት መቀየር አለበት፤ ካልተቀየረ ገመዱ ጋ የምትደርሰው በተሳሳተ እግር ነው። ከዚያ ወይ ትደናቀፋለህ ወይ የመጨረሻውን እርምጃ ታሳጥራለህ። ከትንሽ ሪንግ ወደ ቴሌቪዥን የመጡ ሰዎች በመጀመሪያ ወራት የሚንቀረፈፉት ብዙ ጊዜ በዚህ ነው፤ ሰው «ፈርቶ ነው» ይላል።

ከዚራ_ማዶ

ይሄ ነው መልስ! ቀጥሉ። ማስኩስ? ፊቱ ሳይታይ አስር ዓመት እንዴት ተወደደ?

የመጋላ_ታዛቢ

ፊቱ ባለመታየቱ ነው የተወደደው። ማስክ ያደረገ ሰው በቅንድቡና በከንፈሩ ሊያወራ አይችልም፤ ስለዚህ ሕመሙን በጀርባው፣ ተስፋውን በእጁ፣ ግርምቱን በመላ አካሉ ማሳየት አለበት። የጄኔሪኮን ግጥሚያ ድምፁን አጥፍታችሁ እዩት፤ ታሪኩ ይገባችኋል። ተመልካቹ «ኦሌ፣ ኦሌ» እያለ ይዘፍንለት ነበር፤ ቋንቋ አላስፈለገም። ማስኩን ሲያወልቅ ያ አካል አብሮት ሄደ፤ በላዩ ላይ ፊት ተጨመረበት። ኤን ኤክስ ቲ ላይ (የደብሊው ደብሊው ኢ የአዳዲሶች መድረክ ነው) በቶሎ የተወደደው በዚህ ይመስለኛል። በሜይ 2013 የመጀመሪያው ምሽቱ ላይ ከርት ሆኪንስን አሸንፎ፣ በዚያው ምሽት አንቶኒዮ ሴዛሮን ደገመ።

ሳቢያን_ልጅ

እኔ አልስማማም አቦ። ማስኩን ይዞ ቢገባ ኖሮ እንደ ሬይ ሚስቴሪዮ በሸቀጥ ብቻ ሚሊየነር ነበር።

የመጋላ_ታዛቢ

ሬይ 1 ሜትር ከ68 ተብሎ የሚተዋወቅ፣ ከሉቻ (የሜክሲኮ ሬስሊንግ) ቤተሰብ የወጣ እውነተኛ ሉቻዶር ነው። ሳሚ 1 ሜትር ከ85 የሚሆን፣ ቀይ ጢም ያለው ካናዳዊ ነው። በቴሌቪዥን በየሳምንቱ ቃለ መጠይቅ አለ። ማይክ ሲሰጡት ምን ሊል ነው? ጄኔሪኮ ጥቂት የተሰባበረ ስፓኒሽ ብቻ ነበር የሚናገረው። ያ 400 ሰው ፊት ያስቃል፤ ሦስት ሰዓት በሚፈጅ ፕሮግራም ላይ በሁለተኛው ወር ያልቃል። በኋላ ያወጣው ደግሞ አንደበቱ ነው።

ለገሃር_ጫፍ

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ልግባ፤ ለምን ቆየ?

አንደኛ፣ መጣል የነበረበት ነገር ነበር። የጄኔሪኮ መጨረሻ፣ ግጥሚያውን የሚዘጋበት ማለቴ ነው፣ ተጋጣሚውን ማዕዘኑ አናት ላይ አንስቶ በጭንቅላቱ ወደ ታች የሚያወርድበት ብሬይንበስተር ነበር። ለአንገት አደገኛ ነው፤ ደብሊው ደብሊው ኢ ደግሞ በራስ የሚያወርዱ ነገሮችን ካጠበቀ ቆይቷል፤ በ2010 ወንበር ራስ ላይ መምታትንም ከልክሏል። ስለዚህ ድሮ ለማዳከሚያ ይጠቀምበት የነበረውን ማዕዘን ላይ በሩጫ የሚመታ እርግጫ መጨረሻው አደረገው፤ ሄሉቫ ኪክ የምትሉት እሱ ነው። ብልህነቱ እዚህ ላይ ነው። ማንንም፣ 180 ኪሎ ሰውንም ቢሆን ሊመታበት ይችላል፤ ማንሳት አያስፈልግም፤ ከመሮጡ በፊት ያለችው ቆም ማለት ደግሞ አዳራሹ እንዲነሳ ጊዜ ትሰጣለች።

ሁለተኛ፣ ካሜራ። ቴሌቪዥን ላይ የማይንቀሳቀሰው ዋናው ካሜራ በአንድ በኩል ነው የሚቆመው፤ ሕመምህንም ደስታህንም ወደዚያ ማዞር አለብህ። ዳኛው ጆሮው ላይ ማዳመጫ አለው። «ሦስት ደቂቃ ቀረ» ሲባል ለሁለቱም በሹክሹክታ ይነግራል፤ ማስታወቂያ ከመግባቱ በፊት አንድ ሰው ከሪንግ ውጭ መውደቅ አለበት። አዳራሽ ውስጥ በስሜት 25 ደቂቃ የሠራ ሰው እዚህ በትክክል 8 ደቂቃ ተሰጥቶት ያንኑ ታሪክ መናገር አለበት።

ሦስተኛው ጉዳቱ ነው፤ እሱን ለምታውቀው ልተው።

ፊዚዮ_ጀጎል

እሺ። በሜይ 2015 ሞንትሪያል ላይ፣ በራሱ ከተማ፣ ጆን ሲና ለዩናይትድ ስቴትስ ቀበቶ ክፍት ግጥሚያ ሲጠራ የካናዳው አንጋፋ ሬስለር ብሬት ሃርት ሳሚን አስተዋወቀው። ሳሚ ሪንግ ሲገባ ሕዝቡን ለማስነሳት እጁን ሲያወዛውዝ ትከሻው ተጎዳ። ማንም አልነካውም። ግጥሚያውን ጨረሰው፤ ከዚያ ቀዶ ጥገና፤ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ድረስ አልተመለሰም። ያን ጊዜ ኤን ኤክስ ቲ ላይ ሻምፒዮንነቱን ለኬቨን ኦወንስ ካስረከበ ጥቂት ወር ነበር፤ ሽቅብ በሚወጣበት ሰዓት ማለት ነው። በ2018 ደግሞ የሁለቱም ትከሻ ጅማቶች ተቀድደው በተራ በተራ ቀዶ ጥገና ተደረገለት፤ ከጁን 2018 እስከ ኤፕሪል 2019 ጠፋ።

የትከሻ መገጣጠሚያ ጉድጓዱ ጠፍጣፋ ነው፤ የክንድ አጥንቱን በቦታው የሚይዙት በዙሪያው ያሉ አራት ጡንቻዎችና ጅማቶቻቸው ናቸው። ሬስለር ጀርባው ላይ ሲወድቅ ክንዱን ዘርግቶ መሬቱን በመዳፉ ይመታል። ክንዱ ከሰውነቱ 45 ዲግሪ ያህል ሲርቅ ጉልበቱ ይበተናል። ወደ 90 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ከሄደ ግን በየውድቀቱ ጅማቱ በአጥንቱ መካከል ይቆነጠጣል። አንድ ቀን አይቀደድም፤ በሺህ ውድቀት ይሳሳል፤ ከዚያ እጅ በማወዛወዝ ይበጠሳል። ሁለቱን ትከሻ በአንድ ቀን የማይሠሩት ደግሞ ሰውየው ለሳምንታት ራሱን ማጉረስና ማልበስ ስለማይችል ነው።

ቴሌቪዥን ላይ ዳኛው ሁለት እጁን ከራሱ በላይ አጣምሮ ኤክስ ካሳየ አብዛኛውን ጊዜ የእውነት ጉዳት አለ ማለት ነው።

አሸዋ_ሜዳ

እህቴ ተባረኪ። ራስ ላይ የሚደርሰውንም ብትጨምሪልን።

ፊዚዮ_ጀጎል

ብራያን ዳንኤልሰንን (ዳንኤል ብራያን የምትሉትን) ውሰዱ። እሱም ከሪንግ ኦፍ ኦነር ነው የመጣው፤ በ2014 ኒው ኦርሊንስ ላይ የድርጅቱን ትልቁን ዓመታዊ ትርኢት፣ ሬስልማንያ 30ን በሁለት ግጥሚያ አሸንፎ ዘጋ፤ በፌብሩዋሪ 2016 በተደጋጋሚ የራስ ምት ምክንያት አቆምኩ አለ፤ ፈቃድ አግኝቶ የተመለሰው በ2018 ነው። ራሱ የተመታ ሰው ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ብርሃን መጥላት፣ መደናገር ካለበት በዚያው ቀን ወደ ልምምድ አይመለስም። ሁለተኛው ምት ከመጀመሪያው ሳይድን ከመጣ አእምሮ ሊያብጥ ይችላል፤ ይገድላል። ማስታወክ ከደጋገመው ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው፤ ወደ ወጌሻ አይደለም።

ባቡር_ጣቢያ

ገንዘቡን ማንም አላነሳም። አዲስ ሰው በትናንሽ ድርጅቶች ለአንድ ምሽት 25 ወይም 50 ዶላር ያገኛል፤ ምንም የማያገኝበት ምሽትም አለ። አራትና አምስት ሆነው በአንድ መኪና ይሄዳሉ፤ ቤንዚን ይካፈላሉ፤ አዲሱ ነው የሚነዳው። ከሪንግ ይልቅ ጠረጴዛው ነው የሚያበላው፦ ቲሸርትና ፊርማ ያለበት ፎቶ። ስለዚህ በግጥሚያው ያልታወሰ ሰው ቲሸርት አይሸጥም። ለዚህ ነው ትናንሽ አዳራሾች ውስጥ ሁሉም ከአቅሙ በላይ ለመዝለል የሚሽቀዳደመው፤ የሚጎዱትም ለዚህ ነው።

ደብሊው ደብሊው ኢ ከገባህ በኋላ ዝቅተኛ ክፍያህ በውል ይረጋገጣል፤ ሪንግ ውስጥ የሚደርስብህን ጉዳት ድርጅቱ ያሳክማል። ግን በውሉ ላይ ቅጥር ሠራተኛ አይደለህም፤ በራስህ የምትሠራ ተቋራጭ ነህ። ለብዙ ዓመታት ልማዱ ድርጅቱ የአውሮፕላን ትኬት ይከፍላል፣ የመኪና ኪራይና ሆቴል ግን ከሬስለሩ ኪስ ነበር። ኮከብ ሳይሆኑ አምስት ዓመት የቆዩ ሰዎች ለምን ሀብታም እንዳልሆኑ ይህ ይነግራችኋል።

ሳቢያን_ልጅ

የብለድላይንን ነገር ማን ያብራራልኝ? ሁሉም ሰው እሱን የወደደው በዚያ ነው።

የመጋላ_ታዛቢ

ከዚያ በፊት ምን እንደነበር ላስታውስ። በኤፕሪል 2022 ሬስልማንያ 38 ላይ ሳሚ የገጠመው ተዋናዩን ጆኒ ኖክስቪልን ነው፤ ትልቅ የአይጥ ወጥመድ ውስጥ ገብቶ ተሸነፈ። አስቂኝ ክፉ ነበር። እንዲህ ያለውን ቦታ የሚንቅ ይቀርበታል፤ ሳሚ በሙሉ ልቡ ነው የሠራው።

ከዚያ ወደ ብለድላይን፣ ማለትም ወደ ሻምፒዮኑ ሮማን ሬንስና ወደ ቤተሰቡ ቡድን ተጠጋ። የሥራው ክህሎት እዚህ ላይ ነው፦ ምንም ሳይቸኩሉ ነው ያበሰሉት። በጋውን ሙሉ እንደ ልመና ተከተላቸው። በሴፕቴምበር ሮማን የክብር አባልነት ቲሸርት ሰጠው። ከቤተሰቡ ጄይ ኡሶ ብቻ አላመነውም። በኖቬምበር ቦስተን ላይ ለቤተሰቡ ሲል የድሮ ጓደኛውን ኬቨን ኦወንስን መታ፤ ጄይ አቀፈው። በጃንዋሪ 28፣ 2023 ሳን አንቶኒዮ ላይ ሮማን ወንበር አቀብሎ «ኬቨንን ጨርሰው» ሲለው ሳሚ ወንበሩን በሮማን ጀርባ ላይ አሳረፈው። ፌብሩዋሪ 18 ሞንትሪያል ላይ በራሱ ሕዝብ ፊት ሮማንን ገጥሞ ተሸነፈ። ኤፕሪል 1 ሎስ አንጀለስ ላይ ከኬቨን ጋር ሆኖ የኡሶዎችን (የጄይንና የመንታ ወንድሙን) የጥንድ ቀበቶ ወሰደ፤ የሬስልማንያ 39 የመጀመሪያው ምሽት መዝጊያ ግጥሚያ እሱ ነበር።

አሁን ወደ 2009 ተመለሱ። ጓደኝነት፣ ክህደት፣ ዓመት የፈጀ ትዕግሥት፤ ያኔ ኬቨን ነበር ከዳተኛው። በትንሹ አዳራሽ የተማሩትን ነው በትልቁ ስታዲየም የሠሩት፤ ሚናቸው ብቻ ተገለበጠ።

ለገሃር_ጫፍ

የሞንትሪያሉን ግጥሚያ እንዴት እንደተሠራ ልብ በሉ፤ ለሚለማመዱ ልጆች ትምህርት ቤት ነው። መጀመሪያ አክተሩ ትንሽ ያሸንፋል፤ ሕዝቡ ይሞቃል። ከዚያ ክፉው በተንኮል ይቆርጠውና ረጅሙን ክፍል ይገዛል፤ እየደበደበ ሕዝቡን ያናድዳል። መካከል ላይ አክተሩ ሁለት ሦስት ጊዜ ለመነሳት ይሞክራል፤ በየጊዜው ተመትቶ ይወድቃል። ከዚያ እውነተኛው መነሳት ይመጣል፤ ከዚያ ሁለት ተኩል የሚቆጠርባቸው (ዳኛው ሦስት ሊቆጥር ሲል የተጣለው የሚያመልጥባቸው)፣ ከዚያ መጨረሻው። ሮማን የሚያደርገው አብዛኛው ነገር ዝግ ያለ ነው። ቆሞ ይናገራል፤ የሳሚን ባለቤት ይሰድባል። ያ ዕረፍት መስሎ የሚታየው ጊዜ ሳሚ አየር የሚወስድበት፣ ቀጣዩን በሹክሹክታ የሚነጋገሩበት ነው። አንገት ሲቆለፍ አፍ የሚደበቀውም ለዚህ ነው።

ጀማሪ ሁሌ የሚስተው ይህን ነው፤ የሚያውቀውን ሁሉ በመጀመሪያ አምስት ደቂቃ ያራግፋል።

ሐረር_በር

የጅዳውን ረሳችሁት። ድርጅቱ ከ2018 ጀምሮ ሳዑዲ ላይ ትልልቅ ትርኢት ያዘጋጃል፤ ሳሚ ግን እስከ 2023 ድረስ እዚያ አልታየም። በሜይ 27፣ 2023 ጅዳ ላይ ከኬቨን ጋር ሮማንንና የቡድኑን አባል ሶሎ ሲኮዋን ገጥሞ ቀበቶውን አስጠበቀ። አዳራሹ ስሙን እየጠራ ዘፈነ፤ በዐረብኛ ሰላም አላቸው። እኛ ጋ በተለይ ዐረብኛ የሚሰሙ አባቶችና እናቶች ባሉበት ቤት፣ ሬስሊንግ የማያውቅ ሁሉ «ይሄ ልጅ ማነው» ያለው ያን ቀን ነው። በ2017 ደግሞ ሶርያ ውስጥ ለሚሠራ ተንቀሳቃሽ ክሊኒክ ገንዘብ አሰባስቧል።

በኤፕሪል 2024 ጉንተር 666 ቀን የያዘውን ኢንተርኮንቲኔንታል ቀበቶ የወሰደውም እሱ ነው።

ከዚራ_ማዶ

ድንቅ ነው። አሁን ሦስተኛው ጥያቄ፤ የደቻቱ ልጆች።

አሸዋ_ሜዳ

ከደቻቱ ልጀምር፤ ግልባጭ በአሸዋ ላይ መጥፎ አይደለም፤ ግን ሬስሊንግ አያስተምርም። አሸዋ ጠርዝ የለውም፤ ስትወድቅ ይቅር ይልሃል፤ ስህተትህን ይደብቅልሃል። በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ድሬ ላይ ሳያንጠባጥብ ከላይ ከደጋው ዘንቦ ጎርፍ ይወርዳል። በእነዚያ ወራት እዚያ ውስጥ መለማመድ አያስፈልግም።

ቅደም ተከተሉ፦ በመጀመሪያ ወር ውድቀት ብቻ። የጁዶ ወይም የጂምናስቲክ ምንጣፍ ያለው ጂም ፈልጉ። ቁጢጥ ብለህ ትጀምራለህ። አገጭህን ደረትህ ላይ አጣብቅ፤ ጥርስህን ግጠም፤ ምላስህ ውስጥ ይሁን። ወደ ኋላ ስትሄድ መቀመጫህ ቀድሞ እንዳይመታ የላይኛውን ጀርባህን ስጥ፤ በዚያው ቅጽበት ሁለት መዳፍህን ወደ ታች አድርገህ በ45 ዲግሪ ምታ፤ አየር አውጣ። በአንድ ቀን ከ10 እስከ 20 ይበቃል፤ ከዚያ በላይ አንገት ይደክምና አገጭ ይለቃል፤ ጉዳት የሚመጣው የዚያን ጊዜ ነው። ቁጢጥ ብሎ ሲያልፍ በግማሽ ቁመት፣ ከዚያ ቆሞ።

የተለመዱት ስህተቶች ሁለት ናቸው። አንዱ እጅን ወደ ኋላ ልኮ መሬት መፈለግ ነው፤ አንጓ ወይም ክርን ይሰበራል። ሌላው ጣሪያውን ማየት ነው፤ የራስ ቅል ምንጣፉን ይመታል። አሠልጣኙ ተማሪው ደረቱ ላይ ያለውን ማልያ በአገጩ ይዞ እንዲወድቅ ማድረግ ይችላል፤ ማልያው ካመለጠ አልወደቀም በሉት።

ከዚያ ፊት ለፊት መንከባለል፣ አያያዝ (ግራ እጅ አንገት ላይ፣ ቀኝ እጅ ክርን ላይ)፣ ከዚያ ገመድ። ግልባጭ የመጨረሻው ነው። ድሬ ላይ ደግሞ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ሥሩ፤ ከቀትር በኋላ የጋለ የሪንግ ሸራ ቆዳ ይልጣል።

ብየዳ_ቤት

ሪንጉን እዚሁ መሥራት ይቻላል። ለልምምድ 5 ሜትር ተኩል በ5 ሜትር ተኩል ይበቃል፤ ከፍታው 1 ሜትር ገደማ። አራት የብረት ምሰሶ፤ በታች በኩል ምሰሶዎቹ እርስ በርስ በብረት መታሰር አለባቸው። ይህ ካልሆነ ገመዱ ሲወጠር ምሰሶዎቹ ወደ ውስጥ ያዘነብላሉ፤ ባየሁት ሥዕል ሁሉ ሰው የሚዘለው ይህን ነው። በመሐል የሚያቋርጡ ብረቶች፤ በላያቸው 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ። ጣውላው በሚስማር አይመታም፤ ዝም ብሎ ይቀመጣል። መለጠጥና መመለስ አለበት፤ ከተቸነከረ ሪንጉ ወደ ኮንክሪት ይጠጋል። እንጨቱ ቋጠሮ ያለበት ከሆነ ግን አይሆንም፤ የሚሰበረው እዚያ ቋጠሮው ላይ ነው። ከጣውላው በላይ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ጠንካራ ስፖንጅ፤ ከዚያ ሸራ፤ ሸራው ከታች በገመድ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል። ሸራው ከተሸበሸበ ቁርጭምጭሚት ይወስዳል።

ገመድ ሦስት ነው፤ አራት የቦክስ ነው። ደብሊው ደብሊው ኢ የእውነት ገመድ በቴፕ ጠቅልሎ ይጠቀማል፤ ሌሎች የብረት ሽቦ ገመድ በጎማ ቱቦ ውስጥ አስገብተው ይጠቀልሉታል። የብረቱ ርካሽ ነው፤ ግን ጫፉ ላይ ያለውን መያዣ በየሳምንቱ እዩት። በየልምምዱ ይላላል፤ ማዕዘኑ ላይ ያለውን መወጠሪያ ሳታጠብቁ ማንም አይሩጥ።

ሳቢያን_ልጅ

ከዚህ ወጥቶ እዚያ መድረስ ይቻላል ግን? ወይስ ሕልም ነው?

ባቡር_ጣቢያ

ኮፊ ኪንግስተን ጋና ኩማሲ ተወልዶ፣ ቦስተን አካባቢ ባሉ ትናንሽ ድርጅቶች ተምሮ፣ በኤፕሪል 2019 የደብሊው ደብሊው ኢን ቀበቶ ያዘ። ልጅ ሆኖ ነው ወደ አሜሪካ የሄደው ግን፤ የቪዛው ግድግዳ አልነበረበትም። ከዚህ ለሚነሳ ሰው ፈተናው እሱ ነው። አሜሪካ በክፍያ ለመሥራት የስፖርተኛ ወይም የልዩ ችሎታ ቪዛ ያስፈልጋል፤ ሁለቱም ጠያቂ ድርጅትና በማስረጃ የተደገፈ የሥራ ታሪክ ይፈልጋሉ። የሥራ ታሪክ ደግሞ ሳትሠራ አይመጣም። ስለዚህ ቪዲዮ ነው፦ ሙሉ ግጥሚያ፣ ከአንድ ቦታ የተቀረፀ፣ ያልተቆራረጠ። የግልባጭ ቅንጥብጣቢ የሚልክ ብዙ ነው፤ አሥራ አምስት ደቂቃ ያለ ስህተት የሚሠራ ጥቂት ነው።

ሳቢያን_ልጅ

ገባኝ። የመጨረሻ ጥያቄ ለአሸዋ ሜዳ፤ ምንጣፍ ያለው ጂም ካላገኘን የቤት ስፖንጅ ፍራሽ ሁለት ደርበን ብንጀምርስ?

አሸዋ_ሜዳ

አይሆንም። ለስላሳ ፍራሽ ላይ እግር ይሰምጣል፤ ሰውነት ሲዞር እግር ይቀራል፤ ጉልበት ይጠመዘዛል። ሁለት ሲደረቡ ደግሞ በመሃላቸው ይከፈታሉ። ካልቀረልህ ጠንከር ያለውን፣ አንዱን ብቻ፣ መሬት ላይ አንጥፈህ ቁጢጥ ብለህ የሚወደቀውን ብቻ ሥራ። ቆሞ መውደቅ አይሆንም።

ሳቢያን_ልጅ

እሺ አቦ፣ ነገ ጂሙን እጠይቃለሁ። ምንጣፉ ስንት ሴንቲ መሆን አለበት?

አሸዋ_ሜዳ

የጁዶው 4 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። እሱ በቂ ነው፤ መጋጠሚያዎቹ እንዳይከፈቱ ብቻ ዙሪያውን በእንጨት ያዙት።